ባዶ የተገኘ ጂን ሁሉ ወሳኝ ነው? የትራንስፖዞን ሴኴንሲንግ ቆጠራ ለሐዋሳው ልምምድ

ታቦር_ሥር

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ሐዋሳ ለሁለተኛ ዲግሪ ማይክሮባዮሎጂ ተማሪዎች የሁለት ቀን የኮምፒውተር ልምምድ እየተዘጋጀ ነው። ሥራው የባክቴሪያን ወሳኝ ጂኖች ከትራንስፖዞን ሴኴንሲንግ ዳታ ለይቶ ማውጣት ነው። ወሳኝ የምንለው፣ ሲበላሽ ባክቴሪያዋ በተሰጣት ምግብና ሙቀት መራባት የማትችልበትን ጂን ነው። ትራንስፖዞን ማለት ጂኖሙ ውስጥ ዘሎ የሚገባና የገባበትን ጂን የሚሰብር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ጂኖሙ ላይ ያረፈበትን እያንዳንዱን ቦታ «ግቤት» እያልኩ እጽፋለሁ።

ሁለት ላይብረሪ (በየሴሉ ትራንስፖዞን የገባባቸው ሚውታንቶች ስብስብ) አለ። አንደኛው ቲኤን5 በተባለ ትራንስፖዞን የተሠራ የኢ. ኮላይ ኬ12 ሲሆን 20,000 ያህል የተለያዩ ግቤቶች አሉት። ሁለተኛው ሂማር1 በተባለ ሌላ ትራንስፖዞን የተሠራ የቲቢ ባክቴሪያ ነው፤ ሂማር1 የሚገባው ቲና ኤ ተከታትለው ባሉበት (ቲኤ) ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ተነክተዋል።

ረቂቅ መመሪያው አጭር ነበር፦ ሪዶቹን (ማሽኑ ያነበባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ጂኖሙ ላይ አሳርፍ፣ በየጂኑ ግቤት ቁጠር፣ ዜሮ የሆነውን ወሳኝ በል። በዚህ መንገድ ለኢ. ኮላይ ከ900 በላይ ጂን ወጣ። የኬዮ ስብስብ (አንድ አንድ ጂን የተሰረዘባቸው የኢ. ኮላይ ሚውታንቶች) እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ 4,288 ጂኖች አንድ በአንድ ተሞክረው ሊሰረዙ ያልቻሉት 303 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከእኛ ዝርዝር ሁለት ሦስተኛው ሐሰት ሳይሆን አይቀርም። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ለተማሪዎቹስ በምን ቅደም ተከተል ላስረዳቸው?

ጥቁር_ውኃ

እንኳን ጠየቁ። ስህተቱ ከቆጠራው አይመስለኝም፤ ከዜሮው ትርጉም ነው። ለተማሪዎቹ በዝናብ ቢጀምሩላቸው ይገባቸዋል። ግቢ ውስጥ ካፊያ ጥሎ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ደረቅ ብትቀር ማንም ጣሪያ አይፈልግም፤ ጠብታው ገና አልደረሰባትም። ግማሽ ሰዓት ዶፍ ወርዶ ያቺው ቦታ ደረቅ ከሆነች ግን ከላይዋ የሚጋርዳት ነገር አለ። ወሳኝ ጂን ማለት ከዶፍ በኋላ ደረቅ የቀረው ነው። 20,000 ግቤት በኢ. ኮላይ ላይ ካፊያ ነው።

በቁጥር እንየው። የኬ12 ጂኖም 4.64 ሚሊዮን ቤዝ ነው። ለ20,000 ሲካፈል በአማካይ በየ232 ቤዝ አንድ ግቤት ይደርሳል። ርዝመቱ 1,000 ቤዝ የሆነ ጂን 4.3 ግቤት ይጠበቅበታል። ግቤቶቹ በዘፈቀደና በእኩል ዕድል ከወደቁ (የፖይሰን ስርጭት ማለት ነው) ጂኑ ምንም ሳይሆን በአጋጣሚ ባዶ የመቅረት ዕድሉ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት በኔጋቲቭ 4.3 ኃይል፣ ማለትም 0.013 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ግን 4,300 ያህል ጂን አለ፤ ሁሉም 1,000 ቤዝ ቢሆኑ 58 ጂን በከንቱ «ወሳኝ» ይባላል።

አጭር ጂን ላይ ደግሞ ይብሳል። ለ300 ቤዝ የሚጠበቀው 1.3 ግቤት ነው፤ ባዶ የመቅረት ዕድሉ 0.27። ከአራት አጫጭር ጤናማ ጂኖች አንዱ ባዶ ይወጣል ማለት ነው። የጂኑን ሁለት ጫፎች 5 በ5 በመቶ ከቆረጣችሁ (መቁረጥም አለባችሁ፤ ፕሮቲኑ መጨረሻ ላይ የገባ ትራንስፖዞን ብዙ ጊዜ ሥራውን አያበላሽም) ዕድሉ 0.31 ይደርሳል። ዝርዝሩን በርዝመት ደርድሩትና እዩት። አጫጭሮቹ ከላይ ከተከማቹ የምታዩት የካፊያውን ቅርጽ ነው፤ የባክቴሪያዋን አይደለም።

ላይብረሪው 100,000 ግቤት ቢኖረው ኖሮ በየ46 ቤዝ አንድ ይደርስ ነበር። ያኔ የ300 ቤዝ ጂን በአጋጣሚ ባዶ የሚቀረው 0.0016 ብቻ ነው። የ150 ቤዝ ጂን ግን አሁንም 0.04 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የኢ. ኮላይ ሥራ 901,383 ግቤት ነበረው፤ በየ5 ቤዙ አንድ። እንዲያ ያለው ነው ዶፍ የሚባለው።

ስለዚህ መመሪያው ውስጥ ከቆጠራው በፊት አንድ ዓምድ ይግባ፦ «ይህ ጂን ጤነኛ ቢሆን ስንት ግቤት ይጠበቅበት ነበር?» የሚጠበቀው ከ5 በታች ለሆነ ጂን ወሳኝም ወሳኝ ያልሆነም አትበሉ። «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ ክፍል ክፈቱለት። ይህ ክፍል የሌለው ሰንጠረዥ አንባቢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ሶደሬ

ከአዳማ ሰላም። የጥቁር ውኃ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ፖይሰኑ ግን አሁንም ለእኛ ያደላል። ቲኤን5 በዘፈቀደ ይገባል ቢባልም የሚወዳቸውና የሚሸሻቸው ቦታዎች አሉት። ልዩነት በበዛ ቁጥር ዜሮዎቹም ይበዛሉ። ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ስርጭትን ተጠቅማችሁ እንደገና አስሉት። አማካዩ 4.3 ሆኖ የመበታተን መለኪያው (ኬ እንበለው) 2 ቢሆን፣ ባዶ የመቅረት ዕድሉ 2 ለ6.3 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 0.10 ገደማ። ፖይሰን 1.3 በመቶ ያለው 10 በመቶ ሆነ። ከ900 በላይ የወጣው በዚህ ይመስለኛል፤ 300 ያህሉ እውነተኛ፣ ቀሪው ካፊያና መበታተን ተደርበው የፈጠሩት።

አንድ ተቃራኒ እርማትም አለ። ወሳኝ የሆነው የጂኖም ክፍል ግቤት አይቀበልም፤ ስለዚህ 20,000ዎቹ ያረፉት በሙሉው 4.64 ሚሊዮን ላይ አይደለም። አንድ አሥረኛው ዝግ ነው ብንል በክፍቱ ላይ በየ209 ቤዝ አንድ ይደርሳል። ለ1,000 ቤዝ ጂን የሚጠበቀው ከ4.3 ወደ 4.8 ከፍ ይላል። ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ግን ቀመሩ ውስጥ ይግባ።

ታቦር_ሥር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዓምዱ ይገባል። ሁለት ጥያቄ፦ ኬ ከዳታው የሚገመተው እንዴት ነው? ደግሞስ የግቤት መጠኑን በርዝመት አካፍሎ ሁለት ጉብታ መፈለግ የሚባለው ዘዴ ለዚህ ዳታ ይሠራል?

ሶደሬ

ኬን ለመገመት ግቤት በነፃነት የሚቀበሉ ጂኖችን ምረጡ፤ ለምሳሌ በኬዮ ያለ ችግር የተሰረዙትን። እነሱን እኩል በሆነ የ1,000 ቤዝ መስኮት ቁረጡና በየመስኮቱ ግቤት ቁጠሩ። አማካይና ቫሪያንስ አውጡ። ኬ ማለት የአማካዩ ካሬ፣ ቫሪያንስ ሲቀነስ አማካይ በሚሰጠው ልዩነት ሲካፈል ነው። አማካይ 4.3፣ ቫሪያንስ 13.5 ቢሆን፣ 18.5 ለ9.2 ወደ 2 ይሰጣል። ቫሪያንሱ ከአማካዩ ጋር እኩል ከወጣ ፖይሰን በቂ ነው፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ዳታ አላየሁም።

ሁለት ጉብታው እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ጂን ግቤት ለርዝመቱ አካፍላችሁ ሂስቶግራም ስትሠሩ፣ ዜሮ አጠገብ አንድ ጉብታ (ወሳኞቹ)፣ ወደ ቀኝ ሌላ ሰፊ ጉብታ ይታያል። በየጉብታው ላይ ስርጭት ታስገጣጥማላችሁ፤ ለቀኙ ጋማ የተለመደ ነው። ከዚያ ለየጂኑ የሁለቱን ዕድል ጥምርታ በሎግ 2 ታሰላላችሁ። ከግራው የመሆን ዕድሉ ከቀኙ 4 እጥፍ ከበለጠ ወሳኝ፣ በተቃራኒው 4 እጥፍ ካነሰ ወሳኝ ያልሆነ፣ መሐሉ አይታወቅም። ይህ መቁረጫ እ.ኤ.አ. በ2009 በሳልሞኔላ ታይፊ ላይ ከተሠራው የትራዲስ (የትራንስፖዞን ሴኴንሲንግ አንድ ዓይነት) ጥናት ነው የመጣው። 370,000 ግቤት ነበራቸው፤ 356 ወሳኝ ጂን አወጡ። 12 እጥፍ የሚጠይቁም አሉ፤ እኔ 12ን እመርጣለሁ።

በ20,000 ግቤት ግን ሁለቱ ጉብታዎች ይደራረባሉ። ፕሮግራሙ መስመር ያሰምርላችኋል፣ ቁጥርም ይሰጣችኋል፤ በመሐላቸው ሸለቆ ከሌለ ያ መስመር ምንም አይለይም። ተማሪዎቹ ሂስቶግራሙን ሳያዩ መቁረጫ እንዳይጽፉ።

አሞራ_ገደል

ስሌቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከባክቴሪያዋ በኩል ዜሮን የሚያመጡ ምክንያቶችም አሉ። በዶፍም ቢሆን ይህን የማያውቅ ሰው ይሳሳታል።

የመጀመሪያው የቅጂ ብዛት ነው። በፍጥነት የምታድግ ኢ. ኮላይ አንዱን መባዛት ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ክሮሞሶሙን አባዝቶ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ቢፈጅና ሴሏ በየ20 ደቂቃው ብትከፈል፣ መባዛት በሚጀምርበት ቦታ ያለው ቅጂ መጨረሻው ካለው በአማካይ 4 እጥፍ ይሆናል። ትራንስፖዞኑም ወደ በዛው ይሄዳል። በኬ12 መነሻው 3.92 ሚሊዮን፣ መጨረሻው 1.59 ሚሊዮን ቤዝ አካባቢ ነው። እና 1.59 አካባቢ ያሉ ጂኖች ሁሌም የተራቆቱ ይመስላሉ። የሚጠበቀውን ግቤት በጠቅላላ አማካይ አታስሉ፤ በየ100,000 ቤዙ ክፍል የራሱን አማካይ ስጡት፣ ወይም በቦታ ላይ ለስላሳ ጥምዝ አስገጣጥሙና በእሱ አካፍሉ።

ሁለተኛው ኤች-ኤንኤስ የተባለው ፕሮቲን ነው። ኤ እና ቲ የተባሉት ቤዞች የበዙበትን ዲኤንኤ ሸፍኖ ይይዛል፤ ትራንስፖዞን እንዳይገባም ይከላከላል። በቪብሪዮ ኮሌሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ በግልጽ ታይቷል፦ ፕሮቲኑ ሲወገድ ባዶ የነበሩት ቦታዎች ግቤት ተቀበሉ። ስለዚህ ከሌላ ባክቴሪያ የመጡ ኤ-ቲ የበዛባቸው የጂን ደሴቶች ወሳኝ ሆነው ከወጡ ተጠራጠሩ።

ሦስተኛው፣ ጂኑ ጎረቤቱ መርዝ ስለሆነ ብቻ ወሳኝ የሚሆንበት ነው። ኬ12 ውስጥ ራክአር የሚባል ጂን አለ። ሥራው ራክ በተባለው የተኛ የቫይረስ ቅሪት ውስጥ ያሉ ጎጂ ጂኖችን ማፈን ነው። እሱን ብትሰብሩት ሴሏ ትሞታለች። ይህ ቅሪት የሌላቸው ዝርያዎች ግን ራክአርን ጨርሶ አያስፈልጋቸውም። የመርዝና የማርከሻ ጥንዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ማርከሻው ወሳኝ ይመስላል። ስታቲስቲክሱ አልተሳሳተም፣ ለመድኃኒት ዒላማ የሚሆን ጂን ግን አላገኛችሁም።

አራተኛው ዋልታዊ ውጤት ነው። በአንድ ኦፐሮን (አብረው የሚነበቡ የጂኖች ሰልፍ) ውስጥ ከፊት ያለው ጂን ሲሰበር የኋለኛው መገለጽ ሊያቆም ይችላል። የኋለኛው ወሳኝ ከሆነ ፊተኛውም ባዶ ይወጣል። የግቤቱን አቅጣጫ ለይታችሁ ቁጠሩ፦ ትራንስፖዞኑ ወደ ውጪ የሚገፋ ፕሮሞተር (የጂን ንባብ የሚያስጀምር ቁራጭ) ካለው፣ በአንድ አቅጣጫ የገቡት ብቻ ተርፈው ታገኛላችሁ። ይህ የዋልታ ምልክት ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ ወሳኝ ሆኖ ሳለ ግቤት የበዛበት። ኤፍቲኤስኬ ወደ 4,000 ቤዝ የሚጠጋ ጂን ነው። ለሕይወት የግድ የሚያስፈልገው የፊተኛው 200 ያህል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የመጀመሪያው 600 ቤዝ ነው። ቀሪው ግቤት ይቀበላል። በሙሉ ጂን አካፍላችሁ ካያችሁት «ወሳኝ አይደለም» ይላችኋል። ስለዚህ ከአጠቃላይ ብዛት ሌላ ረጅሙን ባዶ ርዝመት ለየብቻ አስሉ።

ሶደሬ

አሞራ ገደል ስለ ባክቴሪያዋ የተናገረውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የራሳችሁን ስክሪፕት ጠርጥሩ። በዚህ ሥራ ደጋግሜ የማየው ስህተት የአቅጣጫ ነው። የሳም ፋይል (ሪዶች ያረፉበት ቦታ የሚመዘገብበት) የሚጽፈው ቦታ ሁልጊዜ የሪዱን የግራ ጫፍ ነው። ወደ ፊት የተነበበ ሪድ ላይ ግቤቱ ግራ ጫፍ ላይ ነው፤ ጥሩ። ወደ ኋላ የተነበበው ላይ ግን ግቤቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። ሪዱ 35 ቤዝ ከሆነ የተጻፈውን ቦታ በቀጥታ የወሰደ ስክሪፕት ግማሹን ግቤት 34 ቤዝ ያዛንፋል። አጭር ወሳኝ ጂን ውስጥ ከጎረቤት የመጣ ግቤት ያስገባበታል፣ ከጎረቤቱም ይወስድበታል።

የሂማር1 ዳታ ይህን ለማጣራት ምቹ ነው። ሂማር1 የሚገባው ቲኤ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከግቤቶቻችሁ ስንቱ ቲኤ ላይ እንዳረፈ ቁጠሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ካረፈ ደህና። ወደ ግማሽ ከወረደ የአቅጣጫው ስህተት ነው፤ ሌላ አትፈልጉ። በሁሉም ላይ በ1 ወይም በ2 ቤዝ የተዛነፈ ከሆነ የትራንስፖዞኑን ጫፍ ስትቆርጡ አንድ ቤዝ አትርፋችኋል ወይም አጉድላችኋል፣ አለዚያም ቆጠራ ከ0 በሚጀምርና ከ1 በሚጀምር ፋይል መካከል ተምታቶባችኋል። ቲኤን5 ይህን ማረጋገጫ አይሰጥም። ስለዚህ ስክሪፕቱን በቲቢው ዳታ አጣርታችሁ ወደ ኢ. ኮላይ ውሰዱት።

ቲኤን5 በገባበት ቦታ 9 ቤዝ ይደግማል። ከሁለቱም የትራንስፖዞን ጫፎች የተነበበ ዳታ ላይ አንዱ ግቤት 9 ቤዝ ተራርቀው በተቃራኒ አቅጣጫ የቆሙ ሁለት ግቤቶች ይመስላል። ካላዋሐዳችሁት ካፊያውን ዶፍ አስመስሎ ያሳያችኋል።

በመጨረሻ ተደጋጋሚ ቦታዎች። ኢ. ኮላይ 7 የሪቦሶም አርኤንኤ ኦፐሮኖች አሏት። ሁለት ቦታ ላይ እኩል የሚያርፍ ሪድ ስለምንጥል እነዚህ ባዶ ሆነው ይወጣሉ። ጂኖሙን ራሱን በ35 ቤዝ ቁራጭ ከፋፍላችሁ መልሳችሁ አሳርፉት፤ በአንድ ቦታ ብቻ የማያርፈውን ሁሉ ከርዝመትም ከቆጠራም አውጡ።

አረብ_ሰፈር

ጋሽ ጥቁር ውኃ፣ ስለ ቲቢው አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚያ ግማሹ ቲኤ ተነክቷል። ግማሽ ማለት ዶፍ አይደለም እንዴ? አንድ ጂን 20 ቲኤ ኖሮት 12 በተከታታይ ባዶ ቢሆኑ ወሳኝ ልንለው እንችላለን?

ጥቁር_ውኃ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ሂማር1 ላይ ዕድሎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳንቲም እንደመወርወር ይሆናል። 20 ጊዜ ተወርውሮ በአጋጣሚ ረጅሙ የባዶ ተከታታይ ስንት ይሆናል ነው ጥያቄው። የሚጠበቀው፣ የቦታዎቹ ብዛት በተነኩት ድርሻ ተባዝቶ፣ የባዶ ዕድል ግልባጭ መሠረት በሆነ ሎግ ሲወሰድ ነው። 20 ሲባዛ 0.5፣ 10፤ ሎግ 2 ሲወሰድ 3.3። መደበኛ መዛነፉ 1.9 ገደማ። 12 ከዚህ በጣም ይርቃል። በጉምበል ስርጭት 12ና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የሚገኘው 10 ሲባዛ ግማሽ በ12 ኃይል፣ ማለትም 0.0024 ነው።

ግን አትቸኩል። ኤች37አርቪ (መደበኛው የቲቢ ባክቴሪያ ዝርያ) 4,000 ያህል ጂን አለው። ሁሉም እንዲህ ቢሆኑ ወደ 10 ጂን በአጋጣሚ እዚያ ይደርሳል። 16 ተከታታይ ባዶ ብትጠይቅ ከአንድ በታች ይወርዳል።

ሌላም አለ። ግማሽ የተባለው ድርሻ ዝግ ቦታዎችን ጨምሮ ነው። 15 በመቶ የሚሆነው ቲኤ በወሳኝ ክልል ውስጥ ቢሆን፣ በክፍቱ ክልል የተነካው 50 ለ85፣ ማለትም 59 በመቶ ነው። የባዶ ዕድል ከ0.50 ወደ 0.41 ወረደ። ያው 12 ተከታታይ አሁን 0.00027 ብቻ ይሆናል፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ጠራ። ስለዚህ አንዴ አስላ፣ በግልጽ ወሳኝ የሆኑትን አውጣ፣ ድርሻውን እንደገና ገምት፣ ድገመው። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል።

አጭሩ ጂን ግን እዚህም አይለቅም። ይህ ጂኖም ከ65 በመቶ በላይ ጂና ሲ ስለሆነ ቲኤ ጥቂት ነው። በ4.41 ሚሊዮን ቤዝ ውስጥ 74,600 ያህል፤ በየ59 ቤዙ አንድ። የ300 ቤዝ ጂን 5 ቲኤ ያህል ይኖረዋል። አምስቱም በአጋጣሚ ባዶ የሚሆኑት በ0.41 ስሌት ከመቶ 1.2 ጊዜ ነው። ከሺህ አጫጭር ጂኖች 12 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሥራ 14 ላይብረሪ አዋሕዶ 84 በመቶ ገደማ ሙሌት (የተነኩ ቲኤዎች ድርሻ) ደረሰ፤ በዚያ ደረጃ 5 ባዶ ከአሥር ሺህ አንዴ ነው። ያው ሥራ ሌላም ነገር አሳየ፦ ሂማር1 ጂኑ ወሳኝ ባይሆን እንኳ የማይገባባቸው ቲኤዎች አሉ። ከቲኤው በፊት ጂ ወይም ሲ፣ ቀጥሎ ጂ፣ ቀጥሎ ማንኛውም ቤዝ፤ ከቲኤው በኋላ ማንኛውም ቤዝ፣ ቀጥሎ ሲ፣ ቀጥሎ ጂ ወይም ሲ ከሆነ ማለት ነው። ከቲኤዎቹ 9 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከቆጠራ በፊት ሰርዛቸው። አለዚያ ሦስት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ያሉት አጭር ጂን ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

አረብ_ሰፈር

ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ የኢ. ኮላዩን ናሙና መልሰን ብዙ ሪድ ብናስነብብ 20,000ው አያድግም?

አሞራ_ገደል

ላይብረሪው ራሱ 20,000 ሚውታንት ብቻ ካለው አያድግም። ሪድ መጨመር የወደቁትን ጠብታዎች አጥርቶ ማየት ነው፤ ዝናብ አይጨምርም። ዝናብ የሚጨምረው አዲስ ትራንስፎርሜሽን ሠርቶ አዲስ ኮሎኒ (ከአንዲት ሴል የተራባ ክምር) መሰብሰብ ነው። ያልታዩ ግቤቶች መኖራቸውን ለመገመት፣ አንዴ ብቻ የታዩትን ቦታዎች ብዛት ካሬ አድርጋችሁ ሁለቴ ለታዩት እጥፍ አካፍሉ። ውጤቱ ከታየው አንፃር ትንሽ ከሆነ ላይብረሪው አልቋል።

ጥንቃቄ፦ አንዴ ብቻ የታየ ቦታ ብዙ ጊዜ የንባብ ስህተት፣ ከጎረቤት ናሙና ያመለጠ ሪድ ወይም የሞተች ሴል ዲኤንኤ ነው። የማይጠረጠሩ ወሳኝ ጂኖችን፣ ለምሳሌ አርፒኦቢንና ኤፍቲኤስዜድን፣ ክፈቱና ውስጣቸው ያሉት ሪዶች በቦታ ስንት ስንት እንደሆኑ እዩ። ሁሉም 1ና 2 ከሆኑ መቁረጫችሁ 3 ይሁን። መቁረጫውን የሚነግራችሁ ዳታው ነው።

ሶደሬ

ስለ ስውር ማርኮቭ ሞዴል አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወደው እሱን ነው። እያንዳንዱን ቲኤ ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ይመድባል፦ ወሳኝ፣ እድገት የሚቀንስ፣ ወሳኝ ያልሆነ፣ እድገት የሚጨምር። የጂን ወሰን አይጠይቅም። እንደ ኤፍቲኤስኬ ያለውን ከፊል ወሳኝ ጂን ጥሩ አድርጎ ያወጣል። ለልምምዱም እመርጠዋለሁ።

ጥቁር_ውኃ

እዚህ ላይ ከሶደሬ ጋር አልስማማም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያ ቀን። ሞዴሉ ከጎረቤት ጎረቤት ያለሰልሳል። በሁለት ትልልቅ ወሳኝ ጂኖች መካከል 3 ቲኤ ያለው ጂን ካለ፣ አንዱ ቦታው ተነክቶም ቢሆን አብሮ ሊዋጥ ይችላል። ተማሪው ውጤቱን ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ተከታትሎ ሊያየው አይችልም። የተከታታይ ባዶ ስሌትን ግን በወረቀት መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ በእጅ፣ በሁለተኛው ቀን ሞዴሉን፤ ከዚያ ሁለቱ የተለያዩባቸውን ጂኖች አንድ በአንድ መመልከት። ትምህርቱ እዚያ ልዩነት ላይ ነው።

ሶደሬ

ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ። ልዩነቱን ማየት ጥሩ ሐሳብ ነው።

ታቦር_ሥር

በሁለተኛው ቀን ሁለት ሁኔታዎችን ማወዳደርም አለ፤ ያው ላይብረሪ በተሟላ ምግብና በጥቂት ምግብ። የሪድ ድምሩን እየበወዝን ፒ ዋጋ እናወጣለን፣ 10,000 ጊዜ። ከዚያ ብዙ ጂን በአንዴ መፈተኑ የሚያመጣውን ስህተት በቤንጃሚኒና ሆክበርግ ዘዴ እናርማለን። ሲታረም ግን ምንም ጂን አይተርፍም። ለምን?

ሶደሬ

10,000 ጊዜ ሲበወዝ ትንሹ ሊገኝ የሚችል ፒ ከአሥር ሺህ አንድ ነው። 4,000 ጂን ተፈትኖ አንድ ጂን ብቻ እዚያ ቢደርስ፣ የታረመው ዋጋ 0.0001 ሲባዛ 4,000፣ 0.4 ይሆናል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ቢሆንም አያልፍም። 0.05 ለማለፍ ቢያንስ 8 ጂን አብረው ታችኛው ወለል ላይ መቆም አለባቸው። መፍትሔው 10,000 ላይ ወለሉን የነኩትን ጂኖች ብቻ ለይቶ ለእነሱ 1 ሚሊዮን ጊዜ መበወዝ ነው። በሁሉም ላይ ማድረግ ጊዜ ይበላል። ግቤት የሌላቸውንና ከ3 በታች ቦታ ያላቸውን ጂኖች ደግሞ ከፈተናው በፊት አውጧቸው። ምንም ሊያሳዩ አይችሉም፤ 4,000ውን ግን ያበዛሉ።

ከዚያ በፊት ማመጣጠኑን እዩ። ፒሲአር አንዱን ግቤት ከመጠን በላይ አባዝቶ ከጠቅላላው ሪድ 10 በመቶ ቢወስድ፣ በጠቅላላ ድምር ስታካፍሉ ሌሎቹ ጂኖች ሁሉ የቀነሱ ይመስላሉ። ከላይ ያሉትን ጥቂት እጅግ ትላልቅ ቦታዎች ከድምሩ ቆርጣችሁ አካፍሉ።

ስለ ማሽኑም ልበል። ለባክቴሪያ ጂኖም 8 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል፤ ሰርቨር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው መብራትና ኔት ነው። ዳታውን ካቆመበት በሚቀጥል ማውረጃ አውርዱና የኤምዲ5 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳይ አሻራ) ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። መሐል ላይ የተቆረጠ የታመቀ ፋይል አንዳንድ ፕሮግራም ያለ ቅሬታ ያነበዋል፤ ሪዱ ይጎድላል፣ ባዶ ጂን ይበዛል፣ እናንተ ደግሞ ባዮሎጂ ትፈልጋላችሁ። ፋይሉን በ4 ሚሊዮን መስመር ቁረጡት፤ አንድ ሪድ 4 መስመር ስለሆነ በቁራጭ አንድ ሚሊዮን ሪድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲሠራ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ሲያልቅ ብቻ ስሙ ይቀየር። መብራት ሲመለስ ስማቸው ያልተቀየረውን ብቻ ትደግማላችሁ።

ታቦር_ሥር

መመሪያው ተስተካክሏል። የኢ. ኮላይ ላይብረሪ ለማስተማሪያ ብቻ ይቀራል፤ ከእሱ የወሳኝ ጂኖች ዝርዝር አናወጣም፣ ኬን መገመትና የሚጠበቀውን ማስላት እንሠራበታለን። ዝርዝሩ ከቲቢው ይወጣል። የሰንጠረዡ ዓምዶች፦ የጂኑ ስም፣ ከተጣራ በኋላ የቀሩት ቲኤዎች፣ የተነኩት፣ ረጅሙ ተከታታይ ባዶ፣ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል፣ ውሳኔ፤ ውሳኔው ወሳኝ፣ ወሳኝ ያልሆነ ወይም አይታወቅም።

ዳታው በሳምንቱ መጨረሻ በፍላሽ ይታደላል። የምትመጡ ሁሉ ላፕቶፓችሁ ላይ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ አዘጋጁ፤ ፋይሉን እንደገለበጣችሁ ከሌላው ሁሉ በፊት ኤምዲ5ቱን አስተያዩ።